ምዕራፍ ሰባት፦ ከቃል በፊት የሚታየው

«እማማ፣ ልጁ እኮ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ‹ውሃ› እንኳ ብሎ አያውቅም።»

«ተይ ልጄ፣ አታስጨንቂው። አባቱም ሦስት ዓመት እስኪሞላው ዝም ብሎ ነበር። ዛሬ ማን ዝም ያሰኘዋል!»

በምራትና በአማት መካከል እንዲህ ያለ ወሬ ያልተነሣበት ቤት ጥቂት ነው። ሁለቱም ልጁን ይወዱታል፤ የሁለቱም ነገር እውነትነት አለው። አፋቸውን ዘግይተው ከሚፈቱ ልጆች ብዙዎቹ ያለ ማንም እርዳታ እኩዮቻቸው ላይ ይደርሳሉ። የቀሩት ግን አይደርሱም። ከእነዚህ አንዱ በደንብ አይሰማም፤ ሌላው ይሰማል እንጂ የሚባለውን አይረዳም፤ ሦስተኛው ከሰው ጋር የሚገናኝበት መንገድ ራሱ የተለየ ነው። ጭንቁ እነዚህ ሁሉ ልጆች በሁለት ዓመታቸው ከሩቅ ሲታዩ አንድ መምሰላቸው ነው። ሁሉም ዝም ይላሉ።

ስለዚህ ወላጅ «እስከ መቼ ልጠብቅ?» ሲል የዕድሜ ቁጥር ብቻ ቢሰጠው አይበቃውም። ቁጥሮቹን ወደ ኋላ እሰጣለሁ፤ ጠቃሚ ናቸው። ከቁጥሩ በፊት ግን መታየት ያለበት ነገር አለ፤ የዚህ ምዕራፍ ጉዳይም እሱ ነው። ቃል እስኪመጣ በትዕግሥት መጠበቅ የሚቻለው ከቃሉ በታች ያለው ደህና መሆኑ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ማሽላው ለምን አላሸተም?

አንድ የማሽላ ገበሬ እናስብ። የጎረቤቱ ማሳ አሽቷል፤ የእሱ ገና ቅጠል ብቻ ነው። ገበሬው ባዶውን አናት አይቶ አይፈርድም። የዘራው ዘር ዘግይቶ የሚደርስ ዓይነት መሆን አለመሆኑን ያስታውሳል። ቅጠሉን ያያል፤ አገዳውን በእጁ ይዞ ጥንካሬውን ይፈትሻል። አገዳው ጠንካራ፣ ቅጠሉ ለምለም ከሆነ ይታገሣል። አፈሩ እርጥበት እያለው ቅጠሉ ከጠወለገ ግን ሥሩን ይጠረጥራል። አቀንጭራ የሚባለው አረም ሐምራዊ አበባውን ከአፈር በላይ ከማሳየቱ በፊት ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ሲመጠው ይሰነብታልና። አበባው እስኪታይ የጠበቀ ገበሬ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው የሚነቃው።

በልጅ ንግግርም ቃል ፍሬው ነው። ሥሩ መስማት ነው። አገዳው መረዳት ነው፤ ልጁ ራሱ ሳይናገር የሚባለውን ማወቁ። ቅጠሉ ደግሞ ያለ ቃል ከሰው ጋር የሚግባባበት ሁሉ ነው፦ ፊት ማየት፣ በጣት መጠቆም፣ እጅ ማውለብለብ፣ «እምቢ» ብሎ ራስ መነቅነቅ፣ ድብብቆሽ ሲጫወቱት ተራውን ጠብቆ መሳቅ። በምዕራፍ ሁለት ጽንስ ገና በማህፀን ሳለ የእናቱን ድምፅ መስማት እንደሚጀምር፣ በምዕራፍ አራት ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ጆሮው ወደ ቤቱ ቋንቋ ድምፆች እያደላ እንደሚሄድ አይተናል። ያ ሁሉ ሥራ የሚሠራው አንድም ቃል ከአፍ ሳይወጣ ነው። የመጀመሪያው ቃል ሲሰማ ቤተሰቡ እልል ይላል፤ ለዚያ ቃል የተደረገው ዝግጅት ግን ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ጣት ከምላስ ይቀድማል

የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ቡና በሚፈላበት ቤት በር ላይ ቆሟል እንበል። ድመት በአጥር ላይ ታልፋለች። ልጁ ጣቱን ይቀስራል፤ «እ!» ይላል፤ ከዚያ ዞሮ የእናቱን ፊት ያያል፤ እናቱ ድመቷን ማየቷን ሲያረጋግጥ ተመልሶ ድመቷን ያያል። ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። አንድ ባለሙያ ግን ከዚህች ቅጽበት ብዙ ያነብባል። ልጁ ድመቷን አልፈለጋትም፤ እናቱ እንድታይለት ነው የፈለገው። ያየውን ለሌላ ሰው ማካፈል መፈለግ የንግግር ሁሉ ምክንያት ነው። ይህ ልጅ ገና ሦስት ወይም አራት ቃል ብቻ ቢኖረውም ቅጠሉ ለምለም ነው።

መጠቆም ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ። አንደኛው «ያንን ስጪኝ» የሚል ነው፤ ዳቦ፣ ጡጦ፣ ስልክ። ሁለተኛው ድመቷ ላይ ያየነው፣ «ተመልከቺልኝ» የሚል ነው። በ15 ወር አካባቢ የመጀመሪያውን፣ በ18 ወር ደግሞ ሁለተኛውን እንጠብቃለን። የሚያሳስበኝ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ማቀዝቀዣው የሚጎትት፣ እጇን በሩ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ፊቷን ግን ቀና ብሎ የማያይ ልጅ ነው። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከነዜማው አሳምሮ ይደግም ይሆናል፤ ቤተሰቡም በዚህ ይጽናናል። ሲጠማው ግን ውሃ በቃልም በጣትም አይጠይቅም። ይህ ልጅ የሚናገረው ቃል ተቆጥሮ ብዙ ቢሆን እንኳ መታየት አለበት። በስሙ ሲጠራ ደጋግሞ የማይዞር ልጅም እንዲሁ።

መረዳቱን ለማየት ደግሞ ቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ነገር አለ። ልጁ በሌላ ነገር ባልተያዘበት ጊዜ፣ ጫማውን ሳታዩ፣ በእጃችሁ ሳታመለክቱ፣ «ጫማህን አምጣ» በሉት። ብዙ ሰው ይህን ሲያደርግ ሳያውቀው በዓይኑ ይጠቁማል፤ ልጁም ዓይን አንብቦ ያመጣል፤ ቃሉን የተረዳ ይመስላል። እጅና ዓይን ሳይረዱት ያመጣ የዓመት ተኩል ልጅ አገዳው ጠንካራ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ከሚዘገዩት መካከል በራሱ የመድረስ ዕድሉ የተሻለ ነው። የሚባለውን የማይረዳ ልጅ ግን በ«ይጠበቅ» መታለፍ የለበትም።

«ይሰማል እኮ፣ በር ሲዘጋ ይዞራል»

ልጃቸው የማይናገር ወላጆች ስለ ጆሮው ሲጠየቁ የሚመልሱት አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው። እውነታቸውን ነው፤ ይዞራል። ነገር ግን መስማት አለ ወይም የለም ተብሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ተወርውሮ የተዘጋ በር ድምፁ ከባድ ነው፤ ወለሉን ያነቃንቃል፤ እናቱም ስትደነግጥ ልጁ ያያታል። የሰው ንግግር ግን ከእነዚህ ሁሉ ይቀጥናል። በተለይ ስ፣ ሽና ፍ ቀጫጭንና ደካማ ድምፆች ናቸው። ከፍ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ብቻ የማይሰማ ልጅ በር ይሰማል፣ ውሻ ይሰማል፣ ሙዚቃ ሲከፈት ይወዛወዛል፤ «ስጠኝ»፣ «ፍየል»፣ «ሽንኩርት» የሚሉት ቃላት ግን አናታቸው ተቆርጦ ነው የሚደርሱት። በየቀኑ ተቆራርጦ የሚደርሰውን ቃል ከየት አምጥቶ አስተካክሎ ይበለው?

ከጉንፋን በኋላ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ የሚጠራቀም ፈሳሽም አለ። ብዙ ጊዜ አያምም፤ መግል አይወጣውም፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ሁለት ጆሯችሁን በጣት ደፍናችሁ የሰው ወሬ ለመከታተል ብትሞክሩ የልጁን ሁኔታ በግምት ታገኙታላችሁ። በአብዛኛው በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይደርቃል። ሳይደርቅ ከቆየ ወይም እየተመላለሰ ከያዘው ግን ቃል በሚሰበሰብበት ዕድሜ ወራት ያልፉበታል። ጆሮው በተደጋጋሚ የሚመግል ልጅም «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ መተው የለበትም።

በኢትዮጵያ ስለ ማጅራት ገትር ሳይነሣ ስለ ልጅ ጆሮ መጻፍ አይቻልም። አገራችን ከሴኔጋል ጀምሮ በምሥራቅ እስከ እኛ በሚዘልቀው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። ከዚህ በሽታ የተረፈ ልጅ የመስማት ችሎታው የተጎዳ ሊሆን ይችላል፤ የውስጠኛው ጆሮ ክፍልም ከጊዜ በኋላ እየጠጠረ ስለሚሄድ ምርመራው መቆየት የለበትም፤ ንግግሩ እስኪዘገይ መጠበቅ ጨርሶ አይገባም። ሲወለድ ክፉኛ ቢጫ የሆነ፣ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ፣ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሰነበተ፣ ጄንታማይሲን የመሰለ ጆሮን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት በብዛት የወሰደ፣ ወይም በቤተሰቡ ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ሰው ያለበት ልጅም በዚሁ ዓይን ይታይ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ መስማት የተሳናቸው ሕፃናትም በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ማንኛውም ሕፃን «አጉ» ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ ይጮኻሉ። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው በኋላ፣ «ባባባ»፣ «ዳዳዳ» የሚለው ልፍለፋ መምጣት በሚገባው ጊዜ ነው። በ10 ወር አካባቢ ይህ ካልተሰማ የጆሮ ምርመራ ጊዜው ያኔ ነው።

«ገና ሕፃን ነው፣ ጆሮው አይለካም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ1978 ዴቪድ ኬምፕ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ጤናማ የውስጥ ጆሮ ድምፅ ሲገባበት እሱም መልሶ በጣም ደካማ ድምፅ እንደሚያወጣ አሳየ። ዛሬ አንዲት ትንሽ መሣሪያ በልጁ ጆሮ ቀዳዳ ተደርጋ ያንን የመልስ ድምፅ ታዳምጣለች። ልጁ ማውራትም እጁን ማንሣትም አይጠበቅበትም፤ ተኝቶም ይሆናል። ይህን ምርመራ ካላለፈ ወይም ጥርጣሬ ከቀረ ራሱ ላይ በሚለጠፉ ትንንሽ ነገሮች አንጎሉ ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ይለካል። አያምም። አዲስ በተወለዱ ሕፃናት ላይ ይህ በመደበኛነት በሚሠራባቸው አገሮች ደንቡ ምርመራው በ1 ወር፣ ችግሩን ማረጋገጥ በ3 ወር፣ እርዳታ መጀመር በ6 ወር የሚል ነው። እኛ ዘንድ አብዛኛው ልጅ ይህን ዕድል ሳያገኝ ነው የሚያድገው። የሁለት ዓመት ልጅ ዝምታ ሲያሳስብ ጆሮ ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበትም ለዚህ ነው፤ ልጁ የሚሰማ ቢመስልም።

ቁጥሮቹ

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የልጆች ዕድገት ዝርዝሩን እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያሻሽል በየዕድሜው ያስቀመጠው ከ100 ልጆች 75ቱ ወይም ከዚያ በላይ ይደርሱበታል ተብሎ የሚጠበቀውን ነው። በዚህ ዝርዝር የ15 ወር ልጅ ከ«እማ»ና «አባ» ሌላ አንድ ሁለት ቃል ይሞክራል፤ የ18 ወር ልጅ ሦስትና ከዚያ በላይ፤ የሁለት ዓመት ልጅ ሁለት ቃል ያገናኛል፤ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ 50 ያህል ቃል አለው። የንግግር ባለሙያዎች ደግሞ በሁለት ዓመቱ ከ50 ቃል በታች ያለውን ወይም ሁለት ቃል የማያገናኘውን ልጅ «ዘግይቶ ተናጋሪ» ይሉታል። ከዚህ መስመር በታች መሆን በሽታ ማለት አይደለም። «ሰው ይየው» የሚባልበት ቦታ ነው።

ቃል ስትቆጥሩ አትሠሥቱ። ልጁ ውሃን ሁልጊዜ «ዱ» የሚል ከሆነ «ዱ» ቃል ነው። ቀሚስን «ተሚስ» ማለትም በዚህ ዕድሜ አያሳስብም። ሦስት ዓመት ሲሞላው ግን ከቤት ውጭ ያለ ሰው አብዛኛውን ንግግሩን ሊረዳው ይገባል። «ሁለት ቃል ያገናኛል» የሚለውን ለአማርኛ ስናውለው ጥንቃቄ ያሻል። የእኛ ግሥ አድራጊውንም ተቀባዩንም በአንድ ቃል ይይዛል፤ «ስጠኝ» ብቻውን ብዙ ነገር ነው። ስለዚህ የምንፈልገው «ውሃ ስጠኝ»፣ «አባ መጣ»፣ «ኳስ የለም» የመሰለ፣ ልጁ በራሱ የገጣጠመው ነገር ነው። «ደህና ደሪ»ን እንደሰማው መድገሙ አይቆጠርም። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ እስከ ሁለት ዓመቱ ዕድሜው መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ይታሰብለት።

መቼ ይኬድ? ዓመት ሞልቶት የማይለፈልፍ፣ እጁን የማያውለበልብ ልጅ ያኔውኑ ይታይ። በ18 ወር የማይጠቁም ወይም ምንም ቃል የሌለው ልጅ ሁለተኛ ልደቱ አይጠበቅለት። በሁለት ዓመት ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ቢመስልም፣ ጆሮው ይመርመር፤ ባለሙያ ይየው። ከሁሉ አስቸኳዩ ደግሞ ይዞት የነበረውን የተወ ልጅ ነው። ትናንት «ማሚ»፣ «እንካ»፣ «ዳቦ» ይል የነበረ ልጅ ቃላቱን ካጣ፣ መጠቆሙን ወይም ፊት ማየቱን ከተወ፣ በየትኛውም ዕድሜ ይሁን፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

የሚያዘገዩ ምክሮች

«ወንድ ነው፣ ይዘገያል።» ወንዶች በአማካይ ጥቂት ይዘገያሉ፤ ልዩነቱ ግን የወራት እንጂ የዓመት አይደለም። የማይጠቁምን ልጅ ወንድነቱ አያስረዳውም።

«አባቱም እንዲሁ ነበር።» ይህ ምክር መልካም ሆኖ ተነግሮ በተቃራኒው መነበብ ያለበት ነው። በቤተሰብ ዘግይቶ የተናገረ ሰው መኖሩን ባለሙያዎች የሚመዘግቡት የልጁን የመዘግየት ዕድል ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች ተራ ነው። አባትየው ደርሷል፤ ልጁም እንደሚደርስ ግን ዋስትና አይሆንም።

«ምላሱ ታስሮ ነው፣ ይቆረጥለት።» ከምላስ ሥር ያለችው ጅማት አጭር ስትሆን ጡት መጥባትን ልታስቸግር፣ አንዳንድ ድምፆችንም ልታበላሽ ትችላለች። ልጅ ቃል እንዳይኖረው ግን አታደርግም፤ ምላሱ የተያዘበት ልጅ አበላሽቶ ይናገራል እንጂ ዝም አይልም። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ደግሞ ለንግግር አንዳች የማይፈይዱ፣ ደም በማፍሰስና በማመርቀዝ ሕይወት የሚያሳጡ ናቸው። ይህን ለስላሳ አድርጌ ልጽፈው አልችልም፤ አታድርጉት። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብ ይውሰድ፤ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ። ጆሮውን ማስመርመር ከዚያ ጋር አይጣላም።

«ካርቱን ይከፈትለት፣ ከዚያ ይለምዳል።» እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ለ12 ጊዜያት ያህል ከማንዳሪን ቻይንኛ ጋር አስተዋወቁ። ሰው ፊት ለፊታቸው ሆኖ የተጫወተላቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ ሰው በስክሪን ያዩት ምንም አልያዙም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያም ለአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን አይመከርም።

ሁለት ቋንቋ ባለበት ቤት

በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በስቶክሆልም ለሚኖሩ ወላጆች ይህ ክፍል ብርቱ ነው። ልጃቸው ሲዘገይ «አማርኛውን ተዉት፣ አምታታችሁት» ይባላሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየትን አያመጣም። ጉዳት የሚያመጣው እናት አፏን የፈታችበትን ቋንቋ ትታ በማትደላደልበት ቋንቋ አጭር አጭር ትእዛዝ ብቻ ስትሰጥ ነው፤ ልጁ የሚሰማው የንግግር መጠን ያኔ ያንሳል። ምርመራ ስትሄዱ በሁለቱም ቋንቋ የሚያውቀው ቃል አብሮ እንዲቆጠር ጠይቁ። እንግሊዝኛው 15፣ አማርኛው 40 የሆነ ልጅ የ15 ቃል ልጅ ተደርጎ መመዝገብ የለበትም። በሁለቱም ቋንቋ የዘገየ ልጅ ግን «ሁለት ቋንቋ ስለሆነ ነው» ተብሎ መታለፍም የለበትም። በአሜሪካ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ወላጅ የሐኪም ወረቀት ሳያስፈልገው በየክፍለ ግዛቱ ላለው የቅድመ ልጅነት ድጋፍ ፕሮግራም ራሱ ደውሎ ነጻ ምርመራ ማግኘት ይችላል። በእስራኤል ጢፓት ሐላቭ የሚባሉት የእናቶችና ሕፃናት ጣቢያዎች የመጀመሪያው በር ናቸው።

ሲሄዱ

በኢትዮጵያ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። ያ ግን መንገዱን አይዘጋውም። ልጆች በ9 እና በ15 ወራቸው ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። በ9 ወሩ ክትባት «ሲጠራ ይዞራል? ይለፈልፋል?»፣ በ15ቱ «ይጠቁማል? የሚባለውን ይረዳል?» ብሎ መጠየቅ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ጤና ባለሙያዋ ካልጠየቀች እናት ራሷ ታንሣው። ከዚያ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል እንዲላክ መጠየቅ ይቻላል፤ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስን የመሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ክፍሉ አላቸው። ከሰው ጋር የሚገናኙበት መንገድ የተለየ ሆኖ ኦቲዝም ለሚጠረጠርባቸው ልጆች ደግሞ ዘሚ የኑስ የተባለች እናት ለገዛ ልጇ የሚሆን ትምህርት ቤት አጥታ እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈተችው የጆይ ማዕከል ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው መጠጊያ ሆኗል።

ቀጠሮው እስኪደርስ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አለ። ልጁ የሚያየውን እያያችሁ ያንን ጥሩለት። «ጀበና» ካለ «ትኩስ ጀበና» በሉ፤ አንድ ቃል ብቻ ጨምሩለት። ከተናገራችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ ጠብቁት፤ ለትንሽ ልጅ መልስ ማዘጋጀት ከምንገምተው በላይ ጊዜ ይወስዳል። «ይሄ ምንድነው? በል! በል!» የሚለውን ፈተና ተዉት፤ እንግዳ ፊት በተለይ።

ስትሄዱ ልጁ ቤቱ ውስጥ ሲጫወት የሚያሳይ አጭር የስልክ ቪዲዮና የሚላቸውን ቃላት ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ሐኪም ፊት ብዙ ልጆች ድምፃቸውን ያጠፋሉ። ተመርምሮ ጆሮው ደህና ከሆነ፣ የሚረዳና የሚጠቁምም ከሆነ፣ «እንጠብቀው» ሊባል ይችላል፤ ተገቢ ምክር ነው። ያኔ «እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁና ቀኑን በካርዱ ላይ አስጽፉ። ሦስት ወር ጥሩ ርቀት ነው። በዚያ ቀን የቃላቱን ወረቀት እንደገና ጽፋችሁ ከአሮጌው ጋር ይዛችሁ ተመለሱ፤ ዝርዝሩ ካልረዘመ ሌላ ሦስት ወር አትቀበሉ፤ ወደ ንግግር ባለሙያ እንዲልኳችሁ ጠይቁ።